ፍቅር የሚለው ቃል በጣና ዳር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን ያቀና መንገደኛ ቆራጣን ያገኛታል። ዛሬ ጸጥ ያለች የገጠር ቀበሌ ትሁን እንጂ በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከሐይቁ ዳር የንግድ ከተሞች መካከል ስሟ የገነነ ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን ያሳረፉት እዚያ ነው። ይሁንና ቆራጣን ቆራጣ ያሰኛት ነጋዴም ንጉሥም አይደለም፤ አንዲት መነኩሲት ናት። ገዳሙ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ነው። በዓሏ ኅዳር 17 ቀን ሲከበር ገድሏ ይነበባል።

በዚያ ገድል ውስጥ ሌላም ሴት አለች፤ እኅተ ክርስቶስ ትባላለች። ሁለቱ እንዴት እንደ ተዋወቁ፣ እንዴት አብረው እንደ ኖሩ፣ ሞት እንዴት እንደ ለያቸው ገድሉ ደጋግሞ ይናገራል። የጣና ዳር ሰው ይህን ከ300 ዓመት በላይ ሲሰማ ኖሯል። «እነዚህ ሁለት ሴቶች ለመሆኑ ምንና ምን ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ግን በእኛው ዘመን ነው። ከመጣ በኋላም ሰላም አልሰጠም።

መቼም ነገርን ነገር ያነሣዋል። ወደዚህ ገድል የመራኝ የቴሌቪዥን ድራማ ነገር ነው። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የድራማ ተመልካቾች የሚሟገቱበት አንድ ጉዳይ አለ። ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በድራማው ውስጥ ከልክ በላይ ሲዋደዱ ተመልካቹ ያንን እንደ ምን ይቀበለዋል? ደራሲው በግልጽ «ፍቅረኞች ናቸው» ሲልስ? ሳይል ቀርቶ በዓይን አስተያየትና በዝምታ ብቻ ሲያመለክትስ? በአገራችን የቴሌቪዥን ድራማ ይህ ጉዳይ የታሪክ አስኳል ሆኖ ሲቀርብ አላየንም፤ ስለዚህም ሙግቱ በእኛ ዘንድ የለም ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። አለ እንጂ! የተነሣው በስክሪን ላይ ሳይሆን በብራና ላይ በመሆኑ ነው ያልታወቀን።

ታሪኩን ለማያውቀው ባጭሩ ላውሳ። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ለዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ዘመኑ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ዘመን ነበር። በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጽር ውስጥ የሚታየው ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ የእነሱ ትዝታ ነው። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት አዘነበሉ፤ በ1622 እ.ኤ.አ. በይፋ ተቀበሉት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1617 በተነሣው ዐመፅ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሏ ከንጉሡ ጦር ጋር ነበረ። ወይዘሮዋ ይህን መታገሥ አልቻለችም። ባሏንና ሀብቷን ጥላ ወጣች፤ ቆብ ጫነች።

ቀሪው ዘመኗ ስደት ነው። ለፍርድ ቀረበች፣ የኢየሱሳውያኑን ስብከት እምቢ አለች፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል ቆላ ተጋዘች። ከግዞት ተመልሳም በጣና ዙሪያ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረች ሃይማኖታቸውን ሽተው የተከተሏትን ወንዶችና ሴቶች በማኅበር አኖረች፤ የመሠረተቻቸው ማኅበራት ሰባት እንደሆኑ ገድሉ ይቆጥራል። ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። እሷም ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ኖራ በ1642 በ50 ዓመቷ ዐረፈች።

እኅተ ክርስቶስም እንደሷው ትዳሯን ትታ የመነኮሰች ወይዘሮ ነበረች። የመጀመሪያ መገናኘታቸውን ገድሉ በጥቂት ቃላት ነው የሚተርከው። ገና ከሩቅ እንደ ተያዩ ፍቅር በሁለቱም ልብ እንዳደረ፣ ቀርበውም የሰላምታ መሳሳም እንደ ተሳሳሙ፣ ቀድሞ የሚተዋወቁ ያህል ስለ እግዚአብሔር ነገር ሲጨዋወቱ እንደ ቆዩ ይነግረናል። ከዚያ ወዲያ የኖሩት አብረው ነው። በስደቱም፣ በረሃቡም፣ ማኅበሩን በማስተዳደሩም እኅተ ክርስቶስ ከጎኗ አለች። ወለተ ጴጥሮስ በሞት አፋፍ ላይ ሆና ስትጨነቅ እንኳ ጭንቀቷ ስለዚህች ጓደኛዋ ብቸኝነት ነበር።

አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ይህን የጻፈው ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው። የጻፈውም በ1672 እ.ኤ.አ.፣ ቅድስቲቱ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በዓይናቸው ያዩዋት መነኮሳትና መነኮሳይያት በሕይወት ሳሉ፣ እነሱው እያስረዱት ነው። ሴት ከወንድ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ብትሳፈር ስንት ነገር የሚያስብ የገዳም ሰው ነው ጸሐፊው። ይህ ፍቅር የሚያሳፍር መስሎ ቢታየው ኖሮ ባለፈው ነበር፤ ገድል የሚጻፈው ለማክበር እንጂ ለማጋለጥ አይደለምና። አላለፈውም። ከፍ አድርጎ ጻፈው እንጂ። በሱ ዓይን ፍቅራቸው ከቅድስናዋ ምስክሮች አንዱ ነበረ።

ሰሚውም እንደዚያው ሰማ። የዚያን ጊዜው ተደራሲ «ፍቅር» ሲባል የሚያየው ሜዳ ሰፊ ነበር። ፍቅረ እግዚአብሔር ፍቅር ነው፤ ፍቅረ ቢጽ ፍቅር ነው፤ የዳዊትና የዮናታን ነገር ፍቅር ነው፤ የባልና የሚስትም ፍቅር ነው። ሰፊነቱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአማርኛችን ውስጥ ነበረ። የአባቶቻችንን ደብዳቤ ያገላበጠ ሰው ወታደር ለወታደር፣ ነጋዴ ለነጋዴ «ለምወድህና ለምናፍቅህ» ብሎ ጀምሮ ናፍቆቱን በግማሽ ገጽ ሲዘረዝር ያገኘዋል። «ባልንጀራ» የሚለውን ቃል እንጀራ ከመካፈል ጋር ያገናኙታል። በባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ጎዳና፣ ከዘንባባው ሥር፣ ሁለት ጎልማሶች ትንሿን ጣት ከትንሿ ጣት ቆልፈው ሲንሸራሸሩ ዞሮ የሚያያቸው ቢኖር የውጭ አገር ጎብኚ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ገድሉ ለኤውሮጳ ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ግእዙን በ1912 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል፤ ላንፍራንኮ ሪቺ ደግሞ በ1970 ወደ ጣሊያንኛ መልሶታል። አማርኛውም በ1996 ዓ.ም. ታትሟል። እነዚህ ሁሉ ሲወጡ ያነበበ አነበበ፣ ያላነበበ ዝም አለ። የተነሣ አቧራ የለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እንግሊዝኛውን አወጣ። ተርጓሚዎቹ ዌንዲ ቤልቸር የተባሉ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህርትና ሚካኤል ክላይነር የተባሉ ጀርመናዊ የግእዝ ሊቅ ናቸው። ቤልቸር ለአካባቢው ፍጹም ባዕድ አይደሉም፤ አባታቸው ሐኪም ሆነው ስለ ሠሩ ከልጅነታቸው የተወሰነውን ጊዜ ጎንደር ኖረዋል።

መጽሐፉ ብዙ አድካሚ ሥራ ያለበት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ዐሥራ ሁለት ያህል የብራና ቅጂዎች ተመሳክረዋል። በገዳሙ ያሉት ሥዕሎች በቀለማቸው ታትመዋል። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ኢየሱሳውያን በደብዳቤዎቻቸው ያልነገሩትን፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ንጉሥንና ሚስዮንን እንዴት እንደ ተጋፈጡ የሚያሳይ ሌላ ምስክር አስገኝቷል። ጠቡ የመጣው ከመግቢያውና ከማብራሪያው ነው። ቤልቸር የሁለቱን መነኮሳይያት ኑሮ ከተራ ጓደኝነት ያለፈ የዕድሜ ልክ አጋርነት አድርገው አዩት፤ ሁለቱም በንጽሕና ቃል ኪዳን የታሠሩ መሆናቸውን ግን ሳይደብቁ ነው የጻፉት። ቀጥሎም በ2016 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ላይ በሚያተኩር የምርምር መጽሔት ይህንኑ በሰፊው አተቱ። የጠቀሱትም ሌላ አንቀጽ አለ፤ ለጠቡ ዋነኛው ማገዶ እሱ ነው።

በገድሉ አንድ ቦታ ላይ ወለተ ጴጥሮስ ወጣት መነኮሳይያት እርስ በርሳቸው ሲላፉ አይታ ልቧ እንደ ቆሰለና በእግዚአብሔር ፊት ስለነሱ እንዳለቀሰች ይነገራል። ተርጓሚዎቹ ይህን የሥጋ ፍትወት ነው ብለው ተረጎሙት። ኮንቲ ሮሲኒ ያሳተመው ጽሑፍ የተመሠረተው አንቷን ዳባዲ ወደ ፓሪስ ወስዶት በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው ቅጂ ላይ ነበር። ተርጓሚዎቹ እንደሚሉት በዚያ ቅጂ ላይ ዋናው ቃል ተዛብቷል፤ ገልባጩ ያዛባው ሆን ብሎ ነው የሚል ጥርጣሬም አላቸው። ሌሎቹን ቅጂዎች ሲያመሳክሩ ነው የቀድሞውን ቃል አገኘን ያሉት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ለእኔ የጠቅላላው ታሪክ ጣፋጭ ክፍል ይህ ነውና። ነገሩ እንደ ተባለው ከሆነ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንድ ገልባጭ ብዕሩን ይዞ ተቀምጦ ከዚያ ቃል ሲደርስ ተጨነቀ ማለት ነው። «ይህን የሚሰማ ሰው ምን ይላል?» ብሎ ሰሚውን ፈራ። ያ ገልባጭ የአገራችን የመጀመሪያው የድራማ ሳንሱር ሠራተኛ መሆኑ ነው፤ ቀልዴን ይቅር በሉኝ። ነገር ግን ከሱ በፊት የነበሩት አልፈሩም። በቆራጣው ገዳም የተጠበቁትም ቅጂዎች ቃሉን እንደያዙ ቆዩ። ይህን ያስተዋለ ሰው «አበው እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው አይወጣም» የሚለውን ክርክር አይቀበለውም። የገዳም አባቶች የሰውን ድካም አሳምረው ያውቁት ነበር። ወደ ግእዝ የተመለሰውን ሥርዐተ ጳኩሚስ ያነበበ፣ መነኮሳት ሁለት ሆነው በአንድ ምንጣፍ እንዳይቀመጡ፣ አንዱም የሌላውን እጅ እንዳይዝ የሚከለክለውን ሕግ ያስታውሳል። ያልነበረ ነገር በሕግ አይከለከልም።

የእንግሊዝኛው ትርጉም ወሬ ወደ አገር ቤትና በውጭ ወዳሉ ኢትዮጵያውያን እንደ ደረሰ ቁጣው ነደደ። ቁጣው ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ገድል ለምእመኑ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የሚሳለሙት፣ የሚታሹት፣ ስእለት የሚሳሉበት ነው። በትምህርት ቤት ቋንቋ የመለሱት ሰው ዶክተር ይርጋ ገላው ወልደየስ ናቸው። ነዋሪነታቸው አውስትራሊያ የሆነው እኒህ ምሁር በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ረጅም ጽሑፍ ትርጉሙን የአፍሪካን ታሪክ በቅኝ ገዢ መንፈስ እንደገና መጻፍ ነው ብለው ተቹት። የሙግታቸው ፍሬ ነገር ገድልን ከነአንድምታውና ከነገዳሙ ኑሮ የማያውቅ ሰው ቃላቱን ነጥሎ ቢተረጉም ለራሱ ማኅበረሰብ ጥያቄ መልስ ያገኝበታል እንጂ ገድሉን አያገኘውም የሚል ነው። ከቁጣው ጋር የተቀላቀለ ብዙ ስድብም እንደ ነበረ አይካድም። ስድቡን የጻፉት አብዛኞቹ መጽሐፉን የከፈቱ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ከቴሌቪዥን ጋር ምን ያገናኘዋል? ለሚል አንባቢ መልሴ እንደሚከተለው ነው።

በአሜሪካ ከ1995 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. «ዚና» የሚባል ተከታታይ ድራማ ይታይ ነበር። ዚና ሰይፍ የታጠቀች ጀግና ናት፤ ጋብሪኤል የምትባል የመንገድ ጓደኛ አለቻት። ድራማው ፍቅረኞች ናቸው አላለም። ተመልካቹ ግን በሁለት ተከፈለ። ከፊሉ «ጓደኞች ናቸው» አለ፤ ከፊሉ ደግሞ ከእያንዳንዱ አስተያየት በስተጀርባ ሌላ ትርጉም አነበበ። አዘጋጆቹም ይህን ሲረዱ ሁለቱንም ወገን እንዳያስቀይሙ በነገር እየጠቀሱ ማለፍ ጀመሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቻይና ውስጥ «ቸን ቺንግ ሊንግ» የተባለ ድራማ ወጣ። የተወሰደበት ልብ ወለድ የሁለት ወንዶች የፍቅር ታሪክ ነው። የመንግሥት ሳንሱር ይህን በቴሌቪዥን ስለማይፈቅድ ድራማው ፍቅሩን ወደ ጓደኝነት ለወጠው። ተመልካቹ አልተሞኘም፤ የተለወጠውን መልሶ ለውጦ አየው። ድራማው ከቻይና አልፎ በብዙ አገሮች ዝናን አተረፈ።

ሁሉም ዘንድ ግን እንዲህ በዘዴ አልታለፈም። በቱርክ በ2020 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ሊሠራው የነበረ አንድ ድራማ፣ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ወንድ አፍቃሪ ወንድ በመሆኑ ባለ ሥልጣናቱ የቀረጻ ፈቃድ ስለከለከሉ ሳይቀረጽ ቀረ። በጎረቤታችን በኬንያ በ2018 እ.ኤ.አ. «ራፊኪ» የተባለው የሁለት ወጣት ሴቶች የፍቅር ፊልም ታገደ፤ ፍርድ ቤት እገዳውን ለሰባት ቀን ብቻ ሲያነሣ የናይሮቢ ሰው ሲኒማ ቤቱን ሞላው። ከሳምንቱ በኋላ እገዳው ተመለሰ።

የእኛ ተመልካች ከነዚህ የትኛውን ይመስላል? ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራናቸውን የፍቅር ድራማዎች ያየ ሰው አንድ ጠባይ ያገኝባቸዋል፤ ፍቅርን በግልጽ አያሳዩም። «ገመና»ንና «ሰው ለሰው»ን ቤተሰቡ ሁሉ፣ አያት ከልጅ ልጅ፣ ተሰብስቦ ነበር የሚያያቸው። እንዲህ ባለ ሳሎን መሳሳም አይሆንም። ስለዚህ ተዋንያኑ ያቀረቅራሉ፣ ስልክ ያነሣሉ፣ ቡና ይቀዳሉ፣ መኪና ውስጥ ዝም ይላሉ፤ ፍቅሩን የሚያወጣው ተመልካቹ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሲያቀርብ የአገራችን የጥበብ ሰዎች «ባህላችንን ይበርዛል» ብለው ተቃወሙ። ተመልካቹ ግን ወደደው፤ የቱርክ ድራማም እንደኛው በዓይንና በዝምታ መናገር ያውቅበታልና። ስለዚህ የእኛ ተመልካች ከውስጥ ያለውን ለማየት አልሰነፈም። ጎጃም ደግሞ የዋሸራ አገር ነው፤ የቅኔ አገር። ሰም አይቶ ወርቅ የሚያወጣ፣ ውስጠ ወይራ ከአገዳው የሚለይ ሰሚ ከተፈለገ ከጣና ደቡብና ምሥራቅ ይገኛል።

ታዲያ ይህ ሰሚ በገድሉ ውስጥ ወርቁን ለምን አላየም? እስካሁን የተሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገን «ነበረ፤ ፈርቶ ዝም ብሎ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ምንም አልነበረም፤ ፈረንጅ ፈጠረው» ይላል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም አይዋጡልኝም። ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉና፤ ሁለት ሴቶች እንዲያ ከተዋደዱ ከሥሩ የተደበቀ ነገር መኖር አለበት፣ ወይም ፍቅሩ ያን ያህል አልነበረም ብለው ነው የሚነሡት። ይህን ያስተማረን ገድል አይደለም፤ የዘመናችን ድራማ ነው። በቻይናው ድራማ ፍቅሩን የቀበረ ሳንሱር አለ፤ ስለዚህ ቆፍሮ ማውጣት ያስኬዳል። ገላውዴዎስ ግን አልቀበረም። «ተዋደዱ» ብሎ በአደባባይ ጻፈ። ቅኔ ቤት የገባ ሰው እንደሚያውቀው ሰም በሌለበት ወርቅ አይፈለግም፤ የተነገረው ራሱ ነገሩ ነው።

የወጣቶቹ መነኮሳይያትም ነገር እንዲሁ። ያም በአደባባይ ተጽፏል። አንዱ መጽሐፍ ሁለቱንም ይዟል፤ አንዱን በሐዘን፣ ሌላውን በምስጋና። የጻፈውም፣ የሰማውም ማኅበር ሁለቱ እንዳይቀላቀሉበት አልሠጋም። የጥንቱ ሰሚ ፍቅርን ለሁለት መነኮሳይያት ሲሰጥ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ የሥጋን ድካም ሲሰማም ጆሮውን አልደፈነም። ፕሮፌሰሯ ከዚያ ስፋት አንዱን ጥግ ነው ያዩት፤ ባለ ቁጣዎቹ ደግሞ ስፋቱን ጨርሶ ሊያጥሩት ይፈልጋሉ።

ቁጣው ለምን እንዲህ እንደ ከረረ ለመረዳት ዘመኑን ማየት ይገባል። በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግብረ ሥጋ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ከልክሎት ነበር፤ የ1996ቱም በአንቀጽ 629 በእስራት ይቀጣል። ሕጉ በመጽሐፍ ይኑር እንጂ በአደባባይ ብዙ አይወራም ነበር። በ2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አባቶች በአንድነት ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ ጠየቁ። በ2011 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ጎብኚዎችን ይዞ ላሊበላን ጨምሮ ወደ ቅዱሳት መካናት ሊመጣ ነው ሲባል የሃይማኖት ማኅበራት ተነሡ። የቆራጣዋ መነኩሲት ስም በዚህ መሐል ነው የገባው። ከ370 ዓመት በፊት ያረፈችን ሴት ምስክር አድርጎ ወደ ክርክር የጠራት አንዱ ወገን ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም ጠሯት።

በዚህ መካከል ዋጋ የከፈለ አለ። በአንቀጽ 629 ጥላ ሥር የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች አሉ፤ ስለነሱ ሁሉም ሲናገር እነሱ ስለ ራሳቸው መናገር አይችሉም። ስለ ገድሉ ምን እንደሚሰማቸው የጠየቃቸውም የለም፤ ቢጠየቁም በስማቸው አይመልሱም። ሌላው ተጎጂ የማይመስል ነው፤ ጓደኝነት። ዋሽንግተን የገባ ሐበሻ ወንድ ቀድመው ከሚመክሩት ነገሮች አንዱ «የጓደኛህን እጅ ይዘህ መንገድ እንዳትሄድ» የሚል ነው። ምክሩ ዛሬ ተመልሶ አገር ቤት ገብቷል። በባሕር ዳር ጎዳና የጓደኛውን ጣት ይዞ የሚሄደው በዕድሜ ጠና ያለው ነው፤ ወጣቱ እጁን ኪሱ መክተት ጀምሯል። «አፈቅርሃለሁ» ብሎ ለወንድሙ የሚጽፍ ቀርቶ «ናፍቀኸኛል» ለማለት የሚያንገራግር ትውልድ መጥቷል። ይህን የከለከለው የትኛውም አንቀጽ አይደለም። ሰው የሚያየው ሰው ምን እንደሚል ስለ ፈራ ነው፤ እንደዚያ ገልባጭ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃምን መድረክ አድርገው በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ ርእስ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ርእሱ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነው፤ የባለ ትዳር ሊሆኑ ያልታደሉት። ቃሉን ብቻ ወስደን ብናየው ግን ለጣና ዳሮቹ ሁለት መነኮሳይያትም አያንስም። የአማርኛ አንባቢ ይህን ርእስ ለነሱ ለመስጠት ዛሬ ያመነታል። በ1672 ግን ገላውዴዎስ ያመነታ አይመስልም።

ወለተ ጴጥሮስ ስታርፍ ማኅበሩን የተረከበችው እኅተ ክርስቶስ ናት። ጓደኛዋን ቀብራ ሰባት ዓመት እመ ምኔት ሆና ኖረች፤ በ1649 እ.ኤ.አ. ዐረፈች። ገላውዴዎስ የማኅበሩን ልጆች ሰብስቦ ሲጠይቅ እሷም ከሞተች 23 ዓመት ሆኗት ነበር። ገድሉ በስሟ አልተሰየመም። የጠየቃቸው ሰዎች ግን የአንዷን ታሪክ ሲነግሩት የሌላዋን ስም አብረው ነገሩት፤ እሱም አብሮ ጻፈው።